በግማሽ የተበጠረችው ነብር

ተመልሳለች! በአራት እግሯ፣ በራሷ ጉልበት፣ ያውም እየተሳደበች ተመልሳለች! ነገሩን ከሥሩ ካልነገርኳችሁ ግን ደስታዬ አይገባችሁም።

ታላቅ እህቴ ነብር አበጣሪ ናት። ከመሬት ርቀን በሰፈርንበት፣ ጣሪያው መስታወት በሆነ ከተማ ውስጥ፣ ይኼ እንደ ማንኛውም ሥራ ነው። ነብሮቹ እንደ እኛው ያወራሉ፤ ከእኛ የሚለዩት ንዴታቸውን ባለመደበቃቸው ብቻ ነው። ከመስታወቱ ውጭ ደግሞ ሙቀት ጠጪዎቹ አሉ። ጥላ ይመስላሉ። ግድግዳው ላይ ተለጥፈው ሙቀታችንን ይጠጣሉ፤ አምና አንድ ሰፈር ሙሉ ብርድ ልብሱን እንደተከናነበ ቤቱን ለቆ ወጥቷል። የውጩ አየር ለሰው አይበቃም፣ ለነብር ግን ይበቃል። ስለዚህ ነብሮቹ ወጥተው በጥፍራቸው ይልጧቸዋል።

ሳይበጠር የሚወጣ ነብር የለም። የረገፈ ፀጉር የመውጫውን በር ዙሪያ በሚደፍነው ጎማ ውስጥ ከገባ አየር ያስወጣል። አንዱ ያበጠረውን ነብር ደግሞ ሌላ ሰው አይነካም። እህቴና ነብሯ አብረው ነው ያረጁት፤ ሳይጣሉ የዋሉበት ቀን የለም።

ትናንት ጠዋት እህቴ የነብሯን ቀኝ ጎን አበጥራ ጨርሳ ወደ ግራው ስትዞር፣

«አንቺ ሴትዮ፣ እጅሽ ከብዷል። አርጅተሻል» አለቻት ነብሯ።

«አንቺስ? ሆድሽ ወለል እየጠረገ!»

«ይኼ ሆድ አይደለም፣ ክብር ነው።»

«እንግዲያው ክብርሽን ራስሽ አበጥሪው!» እህቴ ማበጠሪያውን ወርውራ ወጣች።

ወዲያው ደወሉ ጮኸ፤ ሙቀት ጠጪዎቹ መጥተዋል። ነብሯም በግማሽ እንደተበጠረች ወጣች። ሌሎቹ ሁሉ ሲመለሱ እሷ ቀረች።

እህቴ በሩ ሥር በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ምግብ አልቀመሰችም። «በግማሽ ሰደድኳት» ትላለች፣ ሌላ ቃል የላትም። ዛሬ ረፋድ ላይ የበሩ ኃላፊ መጣ።

«እትዬ፣ ቀትር ላይ በሩን አሽገዋለሁ። ትእዛዝ ነው።»

«አሽገው። እኔን ግን ውጭ አስቀርተህ።»

«የውጩ አየር እኮ ለሰው አይበቃም።»

«የዚህኛውስ መች በቃኝ?»

ሰውየው ይዞት የመጣውን ማሸጊያ ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው ሲያዛውር፣ በሩ ከውጭ ተቧጠጠ።

ነብሯ ገባች። ቀኝ ጎኗ በረዶ ለብሷል። ግራው፣ ያልተበጠረው፣ እንደ አሮጌ ፍራሽ ተንጨባርሯል። ለካ ሙቀት ጠጪዎቹ ሲከቧት ቀኟን ከድንጋይ አጣብቃ ግራዋን ሰጥታቸዋለች። ያን ድርብርብ ፀጉር አልፈው ሙቀቷን መጠጣት አቃታቸው፤ ሲሰለቻቸው ጥለዋት ሄዱ።

«ፀጉሯ ጎማው ውስጥ ገብቷል» አለ የበሩ ኃላፊ። ከዚያ ጎማውን ሳይጠርግ አለቀሰ።

«አንቺ ሴትዮ» አለች ነብሯ፣ «ሥራ ጥሎ መሄድ ምን የሚሉት ጠባይ ነው?»

እህቴ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። በቀሚሷ ጫፍ በረዶውን ትጠርግላት ጀመር። ነብሯም እየተነጫነጨች ጭኗ ላይ ተኛች። ኃላፊው ከነገ ጀምሮ የነብር ሁሉ ግራ ጎን እንዳይበጠር አዟል። እህቴ «ደመወዜንም በግማሽ ልታደርገው ነው?» ስትል ነው ነፍሷ መመለሷን ያወቅኩት።

ወንድማችን ውኃ ማጣሪያው ጋ ነው። ከትናንት ጀምሮ ጉንፋን ይዞኛል እያለ ዓይኑን ይጠርጋል። እስካሁን አልሰማም! ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ፣ በሉ ልሩጥ።