ከእኔ ቤት የወጣው ቫይረስ

ፍኖተ ሰላም ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ባለችው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቴ በር ላይ «እዚህ ቤት ቫይረስ የለም» የሚል ወረቀት ለጥፌ ነበር። በትልልቅ ፊደል፣ ያውም በቀይ። አሁን ሳስበው ፊቴ ይግላል።

ኩራቴ የመጣው ከሊኑክስ ነው። አሮጌው ኮምፒውተሬ ዊንዶውስ መሸከም ሲያቅተው አንድ ወዳጄ በእሱ ፋንታ ኮምፒውተር የሚያሠራ ሊኑክስ የሚባል ሌላ ፕሮግራም ጫነልኝ። ከዚያ ወዲያ የሰውን ማሽን ሁሉ የሚያምሰው ቫይረስ ለዊንዶውስ የተሠራ ስለሆነ እኔ ጋ ሲደርስ ምንም አያደርግም። ይህን እንደ ራሴ ብልሃት ቆጠርኩት። ደንበኛ ፍላሹን ሲያቀብለኝ በሁለት ጣቴ ጫፍ ይዤ «ይህን ከየት ነው የለቀምከው?» እላለሁ። ቫይረስ የደበቀበትን ፋይል አውጥቼ ስመልስለት እየመረቀኝ ይሄዳል። ከጅጋም ከማንኩሳም ይመጡልኝ ነበር። እኔም ስለ ጥንቃቄ ስብከት መርቄ እሸኛቸዋለሁ።

አሠራሬ ደግሞ እንዲህ ነበር። ሰው ዘወትር የሚጠይቀኝን ነገር «ለሁሉም» በሚል አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጣለሁ። የማመልከቻ ቅጽ፣ የሠርግ ጥሪ ናሙና፣ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም፣ ሌላም ሌላም። መጻፊያው የዊንዶውስ ስለሆነ እኔ ማሽን ላይ አይሠራም፤ ለሰው ብቻ እገለብጠዋለሁ። አንድ ቀን አንድ ደንበኛ «አዲሱ ይኸውልህ» ብሎ በፍላሹ ሲያመጣልኝ አሮጌውን አጥፍቼ በአዲሱ ተካሁት። አልፈተሽኩትም። መፈተሽ የዊንዶውስ ሰዎች ጣጣ ይመስለኝ ነበር። ሊኑክስ ላይ የሚሠራ የቫይረስ መፈተሻ እንዳለ አውቃለሁ፤ መጫኑን ግን እንደ ውርደት አየሁት።

ከዚያ እሷ መጣች። እዚሁ ከተማ ተቀጥራ የምትሠራ፣ በየቅዳሜው ቡሬ አባቷ ዘንድ የምትሄድ ልጅ ናት። አባቷ ቡሬ ገበያ ላይ ጨርቅ የሚሸጡ ሐጂ ናቸው። እናቷ ከሞቱ ዓመታት ቢያልፉም፣ በመውሊድና በሠርግ ቤት መንዙማ ሲያወጡ የተቀዳ ድምፃቸው በካሴት ነበር። ልጅቱ ካሴቶቹን አንድ በአንድ ወደ ቤታቸው ላፕቶፕ ገልብጣለች። ክራቸው አርጅቶ ስለነበር ከተገለበጡ በኋላ ተበጣጥሶ ደግመው መጫወት አልቻሉም። አሁን የቀራት የእያንዳንዱን መንዙማ ርእስ በአማርኛ መጻፍ ብቻ ነው። አዲስ ፍላሽ እፊቴ ከላስቲኩ አወጣች፤ መጻፊያውን ገለበጥኩላት። «ደግሞ የማንንም ፍላሽ እንዳትሰኪበት» ብዬ መከርኳት እንኳ።

ሳምንታት አልፈው ሐጂ ራሳቸው ላፕቶፑን በብርድ ልብስ ጠቅልለው መጡ። አንዱም መንዙማ አልከፈት ብሏቸዋል። አየሁት። የፋይሎቹ ስም ተለውጧል፣ ውስጣቸውም ተበላሽቷል።

«ቫይረስ ነው ሐጂ፤ አይመለስም» አልኳቸው።

የላፕቶፑን ክዳን ቀስ ብለው ዘጉ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ልጄ። አንተ ቤት የተሰካ ፍላሽ ይህን ነገር ይዞ ይወጣል እንዴ?»

«ምነው ሐጂ! ከእኔ ቤት?» አልኩ፣ በሩ ላይ ያለውን ወረቀት እያሳየሁ። «የእኔ ማሽን ሊኑክስ ነው፤ ቫይረስ አያውቀውም። ይልቅ እቤትዎ ማን ምን እንደሰካበት ይጠይቁ።»

«እኔም ይህንኑ ብያለሁ» አሉና ጠቅልለው ወጡ።

ጥያቄያቸው አናደደኝ። ንጹሕ መሆኔን ለራሴ ላሳይ ብዬ መፈተሻውን የዚያኑ ቀን ጫንኩና «ለሁሉም»ን አስፈተሽኩ። የአማርኛ መጻፊያው ጋ ሲደርስ ቀይ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ቫይረሱ እኔን አልነካኝም። እኔ ቤት ግን ተመችቶት ተቀምጦ፣ በገዛ እጄ እየገለበጥኩ ለሰው ሳድለው ኖሬያለሁ። ለስንት ሰው እንደሰጠሁት እንኳ አላውቅም። 

መናኸሪያው ሩቅ አይደለም፤ ሮጬ ልደርስባቸው እችል ነበር። እኔ ግን ፋይሉን አጠፋሁና ቁጭ አልኩ። ወረቀቱንም ከበሩ አላነሣሁትም፣ ሰው ለምን ይለኛል ብዬ። በማግስቱ ያንኑ ስብከቴን ቀጠልኩ። ፈሪ ነበርኩ፤ ከዚያ የተሻለ ስም የለውም።

ክረምቱ እንዲሁ አለፈ። ልጅቱን ቅዳሜ ቅዳሜ እዚሁ ከተማ ማየት ጀመርኩ፤ ቡሬ መሄድ ትታለች። ባየኋት ቁጥር መንገድ እቀይራለሁ። መስከረም ላይ ግን ገበያ መሐል ሽንኩርት ስትመርጥ ፊት ለፊት ተጋጠምን፤ የምሸሽበትም አልነበረም።

«የእናትሽን ድምፅ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኳት። ከመጻፊያው ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳት።

ሽንኩርቱን መምረጧን አላቆመችም።

«አውቃለሁ» አለች። «ፍላሹ አዲስ ነበር፤ ካንተ ቤት ሌላ የትም አልተሰካም። ድምፁ የጠፋ ዕለት ለአባባ ነገርኋቸው።»

«ታዲያ ምን አሉሽ?»

«ጠይቄው ልምጣ አሉ። ጠይቀውህ መጡ።» ቀና ብላ አየችኝ። «መጥፋቱስ የአላህ ነው፣ ያሳፈረኝ የሰው ስም ማጥፋትሽ ነው፤ እውነቱን እስክትናገሪ ደጄን አትርገጪ አሉኝ። እውነቱን ተናግሬያለሁ እኮ። ሌላ ምን ልበላቸው?»

 ያን ሁሉ ወር እኔ ለስሜ ስሳሳ እሷ ውሸታም ተብላ ኖራለች።

«አሁኑኑ ቡሬ እንሂድ፣ አብረን» አልኳት።

«አብረንስ አይሆንም። ካጠገብህ ከቆምሁ ለምኜህ የመጣህ ይመስላቸዋል። ብቻህን ሂድ። ካመኑህ ይደውሉልኛል።»

ብቻዬን ተሳፈርኩ። ሐጂን ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ጨርቅ ሲያጥፉ አገኘኋቸው። ጉልበታቸው ላይ ወድቄ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን፣ ያን ጊዜ መልሴ ስሕተት እንደነበረ፣ ኋላም አውቄ ዝም እንዳልኩ ነገርኳቸው። ትከሻዬን ይዘው አነሡኝና ፊቴን በሐዘኔታ አዩኝ።

«እሷ ናት የላከችህ?» አሉኝ። «ደግ ሰው ነህ ልጄ። ለእሷ ብለህ ግን ስምህን አታጥፋ።»