አርዶ ያላየችው ግድብ

በዚያ ስብሰባ ላይ አርዶ ባትናገር ኖሮ ማንም አይናገርም ነበር። ሌሎቹ ኮንሰልታንቶች ሻያቸውን እያማሰሉ ጠረጴዛ ጠረጴዛውን ያያሉ። የእርዳታ ድርጅቱ ኃላፊ ዋርሳሜ ነገሩን አሳምሮ አቀረበው፤ ነዳጅ ተወዷል፣ ከኮሮናው ጊዜ ወዲህ ሥራ በስልክና በፎቶ እንደሚሠራ ታይቷል፣ ስለዚህ የመስክ ጉዞ ይቀነሳል። ጉዞ ከተቀነሰ ደግሞ ክፍያው ቢቀነስ ማንንም ቅር ሊለው አይገባም።

አርዶን ግን ቅር አላት። ቅር ማለት ብቻ አይደለም፣ ደሟ ፈላ። እናቷ የኩላሊት ታማሚ ናቸው፤ ሃርጌሳ፣ መሐመድ ሞጌ ሰፈር የተከራዩትን ቤት የምትከፍለውም እሷው ናት። ብድግ አለችና፣

«የምትከፍሉኝ ለጭንቅላቴ ነው ወይስ መኪና ላይ ስለተቀመጥኩ?» አለች። «አቧራ ስለበላሁ ከሆነ ሾፌሩ ከእኔ የባሰ በልቷል። እዚህ ወንበር ላይ ሆኜም የማውቀውን አውቃለሁ!»

ዋርሳሜ ጢሙን አሻሸና እሺ አለ። ክፍያው አይነካም፤ ጉዞው ግን ጨርሶ ይቀራል። እሺታው ቶሎ መጣ። አርዶ በደስታ ላይ ስለነበረች ይህን አላስተዋለችም።

ደረጃው ላይ ገነነ ጠበቃት። ገነነ የድሬዳዋ ልጅ፣ መሐንዲስ ነው። አርዶም ከሃርጌሳ በጦርነት የተሰደዱ ወላጆቿ ጅግጅጋ አጠገብ ካምፕ ውስጥ ወልደዋት፣ ድሬዳዋ የተማረች ናት። ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ የሚቀላለዱትም የሚጣሉትም በአማርኛ ነው።

«አቦ አሸነፍሻቸው!» አላት። ወዲያው ግን ፈገግታው ጠፋ። «የጎራዮን ግድብ ታዲያ ማን ሊያየው ነው?»

«ፎቶ ይልካሉ። አዴር ሮብሌም ስልክ አላቸው።»

«ግድብ በስልክ?»

«አንተ ደግሞ! ማሟረት ትወዳለህ።»

ጎራዮ ከሃርጌሳ የግማሽ ቀን መንገድ ናት። ድርቁ እንስሶቻቸውን የፈጀባቸው ቤተሰቦች ኮረብታው ላይ ድንኳን ጥለው የአፈሩ ግድብ ተጠግኖ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ። ሥራውን የምትከታተለው አርዶ «ደህና ነው» ብላ ስትፈርም ከግድቡ ሥር ባለው ሜዳ ወርደው ይሰፍራሉ፣ ማሽላም ይዘራሉ። ግድቡ ካልያዘ ውሃው መጀመሪያ የሚያገኘው እነሱን ነው። ይህን አርዶ ከማንም በላይ ታውቃለች።

ሮብሌ የመንደሩ ሽማግሌ ናቸው፤ አዴር የምትላቸው እንደ አጎት ነው። ጉዞ በነበረ ጊዜ ሄዳ «ምን ወሬ አለ?» ስትላቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ «ሰላም ነው»። አገር ቢጠፋም ሰላም ነው። ለእንግዳ ክፉ ወሬ በር ላይ አይነገርም። ምንጣፍ ይዘረጋል፣ የግመል ወተት ይቀርባል፣ ሻይ ይፈላል፣ የቀትሩ ስግደት፣ ዙህር፣ ይሰገዳል፤ ዋናው ወሬ የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው፣ ያውም ቀስ ብሎ። አንድ ጊዜ የውሃው ፓምፕ መሰበሩን የሰማችው ልትመለስ መኪና ስትሳፈር ነበር። ከተማ ስትገባ ለገነነ የሽማግሌውን አነጋገር እያስመሰለች፣ «ቀኔን በሻይ ጨረሱት» እያለች ታስቀዋለች።

በስልክ ግን ሥራው ቀለለ። ትደውላለች፤ «ሰላም ነው፣ አልሐምዱሊላህ» ይሏታል፤ እሷም «ችግር የለም» ብላ ትጽፋለች። ፎቶውን የሚልከው ራሱ ሥራ ተቋራጩ ነው፤ ግድቡ ቀጥ ብሎ፣ ፀሐይ ወጥቶበት ያምራል። ከተማውም ጥድፊያ ላይ ነበር። የተቃጠለው የዋሄን ገበያ እንደገና እየተሠራ፣ የብረትና የሲሚንቶው ጫጫታ ቢሮ ድረስ ይገባል። ሁሉም ቶሎ መጨረስ ይፈልጋል።

ከዕለታት አንድ ቀን ሮብሌ ራሳቸው ደወሉ።

«መቼ ነው የምትመጪው?»

«አሁን መምጣት ቀርቷል አዴር። በስልክ ይንገሩኝ።»

«በስልክማ ሰላም ነው» አሉ። ቀጥለውም፣ «ፍየል አስቀምጬልሻለሁ። ዝናቡ ሳይመጣ ብትመጪ ጥሩ ነበር» አሏት።

አርዶ ደስ አላት፤ አመሰገነቻቸውም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግመው ደውለው ያንኑ የፍየል ነገር አነሡ። «ዝናቡ ሲያባራ፣ ኢንሻአላህ» አለቻቸውና ዘጋች። በዚያው ከሰዓት ፈረመች። ዋርሳሜ «እንዲህ ነው ሥራ!» ብሎ አመሰገናት። ሰው ምስጋና ሲጎርፍለት ማሰብ እንደሚያቆም ዋርሳሜ ሳያውቅ አይቀርም።

ደመናው ጠቁሮ በመጣበት ጠዋት የፍየሉን ነገር እንደ ቀልድ ለገነነ አነሣችለት። ገነነ አልሳቀም።

«ሁለት ጊዜ? ራሳቸው ደውለው?»

«አዎ።»

«አርዶ፣ እሳቸው ፍየል ሊያበሉሽ ብቻ ብለው ይደውላሉ?»

ሽማግሌው ምንጣፍ ላይ ሊነግሯት የፈለጉት ነገር እንዳለ ያን ጊዜ ገባት፤ ፈራች። ደወለች፤ አይነሣም። በገነነ አሮጌ መኪና እየበረሩ ወጡ። መንገዱን ሙሉ ብትደውልም መልስ የለም። ጎራዮ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው፣ ደርቆ የከረመው ወንዝ ቡናማ ውሃ እያንደረደረ ጠበቃቸው። የጭነት መኪኖች ቆመዋል። የሚሻገር የለም። ያኔ ስልኩ ተነሣ።

«አዴር! ግድቡ ምን ሆኗል?»

«ሰላም ነው። መጣሽ እንዴ?»

«ወንዙ ያዘኝ። በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ምን ሊያሳዩኝ ነበር?»

እንዲህ ያለ ወሬ በባዶ እጅ፣ ሳያስቀምጡና ሳያጠጡ መንገር ሮብሌን እንደሚከብዳቸው አርዶ ታውቃለች። በመጨረሻ ተናገሩ።

«በምዕራብ በኩል ሥሩ ተሰንጥቋል፤ እጅ ያስገባል። ሠራተኞቹ በላዩ አፈር መለሱበት።»

«ሰዎቹን አሁኑኑ ወደ ኮረብታው ያውጡልኝ!»

«እነሱማ ፈርተው አንወርድም ብለው ነበር። ያወረድኳቸው እኔ ነኝ። ስምሽ ያለበት ወረቀት መጣ። አርዶ የተማረች ናት፣ አይታዋለች፣ ስንጥቁ ምንም ቢሆን አትፈርምም አልኳቸው። እኔማ መምጣት ቀርቷል ብትዪኝም ቤቴን ሳትረግጪ አይተሽው ያለፍሽ መስሎኝ ተቀይሜሽም ነበር።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «አይተሽዋል አይደል፣ ልጄ?»

ገነነ መሪውን እንደጨበጠ ያያታል። አርዶ የምትዋሸው ነገር ብታገኝ ትዋሽ ነበር።

«አላየሁትም» አለች።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ ሮብሌ፣ ሞት ሲሰማ እንደሚባለው። ስልኩን ሳይዘጉ የሰው ስም እየጠሩ ሲሮጡ ተሰማት፤ መጀመሪያ የእናቶችን፣ ቀጥሎ የልጆችን።