የእረኛ ዱላ ያሉት የእናቴ ሲንቄ

ሐሙስ ማታ፣ ደሴ

ወሬው የደረሰኝ መግሪብ ሰግጄ መስገጃዬን ሳጥፍ ነው። ወንድሜ ጀማል ከሮቤ በስልኬ ፎቶ ልኮልኛል። ሐረና ጫካ አፍ ላይ በተሠራው ውድ ሎጅ፣ ምድጃው ፊት ቆሞ ፈገግ ብሏል። ከሥሩ «ለአዮ ማረፊያ ይዣለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ቤተሰቡ አንድ ላይ ይሁን፤ ነይ» ይላል። አዮ የምንላት እናታችንን ነው።

ዓይኔ ግን ከራሱ በላይ ሄደ። ከበሬ ቀንድ ጎን፣ በሁለት ምስማር ላይ የተጋደመ ቀጭን በትር አለ። መያዣው ላይ የመዳብ ሽቦ ሦስት ዙር ተጠምጥሞበታል። ሽቦውን የጠመጠመው ሟቹ አባቴ ነው። በትሩ የእናቴ ሲንቄ ነው።

በእኛ በባሌ ኦሮሞ እናት ልጇን ስትድር ሲንቄ ታስይዛታለች። የተበደለች ሴት እሱን ይዛ ትወጣለች፤ ጎረቤቶቿም የየራሳቸውን ይዘው አጠገቧ ይቆማሉ፤ ወንድ ያንን ጥሶ አያልፍም። ሲንቄ አይሸጥም፤ ለጌጥም አይሰቀልም።

እንዴት እዚያ እንደደረሰ አውቃለሁ፤ በእኔ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ለረመዳን ጎባ እናቴ ቤት ሄጄ «ይሄ ከእስልምና በፊት የነበረ የጃሂሊያ ነገር ከመስገጃ ጋር አንድ ክፍል አይቆምም» ብዬ እናቴን ተቆጣኋት። በዚያው ሰሞን «ለባህል ኤግዚቢሽን አሮጌ ዕቃ እንሰበስባለን፣ እንመልሳለን» የሚሉ ሁለት ሰዎች መጡ። በገዛ እጄ ሰጠኋቸው። ሰዎቹ ዳግም አልተመለሱም። ደሴ ስመለስ የሚያስተምሩኝን ኡስታዝ ጠየቅኳቸው።

«ወደሱ ትሰግዳላችሁ?» አሉኝ።

«አንሰግድም።»

«እንግዲያ እንጨት ነው። የሴት ሐቅ የሚጠብቅ እንጨት ምን አደረገሽ?»

በሚመጣው ሳምንት እሁድ የጀማል ልጅ ሐዋ ታገባለች። እናቷ በሕይወት ስለሌለች ሲንቄ የምታስይዛት እናቴ ናት። ጀማል አዲስ አስቆርጦ ቢያመጣላት «የኔ የት እንደወደቀ ሳላውቅ ሌላ እንጨት አላስይዛትም» ብላ መልሳለታለች።

ዓርብ ንጋት ላይ አውቶቡስ ተሳፍሬ፣ አዲስ አበባ ላይ መኪና ቀይሬ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ጎባ ገባሁ። ወደ እረፍት እየሄድኩ አልነበረም።

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ጎባ

የታኅሣሥ ውርጭ እናቴ፣ ጀማል፣ ሐዋና እኔ የተሳፈርንበትን ሚኒባስ መስታወት ነጭ አድርጎታል። ሾፌራችን ታደሰ የሸዋ ሰው ነው፤ ሮቤ ሃያ ዓመት ኖሯል።

«አዮ፣ ብርድ ልብሱን ይደርቡ፤ ሳነቴ አምባ ላይ ይበርዳል።»

«ሃያ ዓመት ሙሉ በረደኝ እያልክ» አለች እናቴ፣ «ምነው አገርህ አልገባህም?»

ጭኗ ላይ በላስቲክ ዕቃ የያዘችው ጩኮ ነው፤ የተቆላ ገብስ ዱቄት በንጥር ቅቤ የታሸ። ሎጁ ምግብ አለው ብንላት «እንግዳ ባዶ እጁን አይሄድም» አለች።

ሳነቴ ላይ ስንወጣ ፀሐይ ወጣች። ሜዳው ገና በውርጭ ነጭ ነው፤ ረጅሙ የጅብራ ተክል እንደ ዘበኛ ተራርቆ ቆሟል፤ አንድ ቀይ ቀበሮ መንገድ ዳር ተቀምጦ አሳለፈን። ታደሰ መኪናውን አቁሞ ሞተሩን ሲያቀዘቅዝ ለእናቴ የጀማልን ፎቶ አሳየኋት። ስልኩን ራቅ አድርጋ፣ ቀረብ አድርጋ አየችው።

«ሽቦው ዝጓል» አለች። ስልኩን መለሰችልኝ።

ቅዳሜ፣ 5 ሰዓት፣ ሎጁ

ከሜዳው ወደ ጫካው ቁልቁል ስንወርድ ብርዱ ለቀቀን። ሎጁ ያምራል፣ አልዋሽም። የድንጋይና የጥድ ቤት፣ በየክፍሉ ምድጃ፣ አልጋ ውስጥ የሙቅ ውሃ ከረጢት፣ እንደ ጥጥ የለሰለሰ ፎጣ። እናቴ ከረጢቱን ነካ አድርጋ «ይሄንን ባል ለሌላት ነው የሠሩት» አለች፤ ሐዋ ሳቋን መያዝ አቃታት።

ምግብ ቤቱ ውስጥ ከበትሩ ሥር ትንሽ ጽሑፍ ተለጥፏል፦ «የእረኛ ዱላ»። አነበብኩላት።

«እረኛ?» አለች። «በዚህ ዱላ አንዲት ጥጃ እንኳ መትቼ አላውቅም። ያባረርኩት አጎትሽን ነው፤ የመሬት ድርሻዬን ሊወስድ ሲመጣ።»

ሥራ አስኪያጁ ጨዋ ወጣት ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ። በትሩ የእኛ ነው፣ መልስልን አልነው።

«እናቴ፣ ይሄ የድርጅቱ ንብረት ነው። አዲስ አበባ ከነጋዴ ተገዝቶ ነው የመጣው። ቱሪዝም ልማት ነው፤ ባህላችሁን እያስተዋወቅን እኮ ነው።»

«ከማን ጋር ነው የምታስተዋውቀኝ?» አለች እናቴ።

ጀማል እጄን ያዘኝ። «ዘይነባ፣ በአላህ። ከዚህ ቤት ጋር ነው የምነግደው፤ እንቁላሉና ማሩ ከእኔ ነው የሚመጣው። ልናርፍ ነው የመጣነው።»

«አንተ እረፍ» አልኩት።

እሁድ ጠዋት

ቁርስ ላይ እናቴ ወንበር አልፈለገችም። ከጓሮው የሰላምና የአቤቱታ ምልክት የሆነውን ለምለም ሳር ነጭታ በእጇ ይዛ፣ ምድጃው ፊት በትሩ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች። ሐዋ አጠገቧ ተቀመጠች። ቁርሳቸውን የሚበሉት እንግዶች፣ የአዲስ አበባ ቤተሰብም ፈረንጆቹም፣ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

ሥራ አስኪያጁ «እናቴ፣ መተላለፊያው ነው» አላት።

«እለፍ እንግዲህ።»

አላለፈም። አባቱ የየትም አገር ሰው ይሁን፣ ሳር የያዘች አሮጊት ተሻግሮ መሄድ አልቻለም።

ያኔ የወጥ ቤቱ በር ተከፈተ። ሞሚና የምትባል የሪራ መንደር ልጅ፣ እጇ ሊጥ እንደያዘ ወጥታ ከእናቴ ጀርባ ቆመች። ከኋላዋ ሌሎች ሁለት የወጥ ቤት ሴቶች። ምንም ነገር አልነኩም።

«ወደ ሥራችሁ!» አለ።

«መጣን» አለች ሞሚና፤ አልተንቀሳቀሰችም።

እኔ ጥንቁቅ ሴት ነኝ። የሰው ዕቃ መውሰድ ሐራም መሆኑን አውቃለሁ፤ የሰው ሐቅ ይዞ መቆየትም እንደዚያው። ወንበር ሳብኩ። ቢስሚላህ ብዬ ወጣሁበት። በትሩን ከምስማሩ አነሳሁት፤ እጄ ላይ አቧራ ቀረ።

«የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ የማወርደውም እኔ ነኝ» አልኩ።

«ይሄ ስርቆት ነው። ፖሊስ እጠራለሁ።»

«ጥራ ልጄ» አለች እናቴ። «ጩኮው ለሱም ይተርፋል።»

ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠበቅን። ጩኮው ከእንግዳ ወደ እንግዳ ዞረ። ከአዲስ አበባ የመጡ አንድ ሽማግሌ «ከውጭ ምግብ ማስገባት ክልክል አይደለም እንዴ?» ብለው ሁለት ጊዜ ቆነጠሩ። ፖሊስ አልመጣም። ስሜንና የምኖርበትን ጽፌ፣ «በትሩን ያወረድኩት እኔ ነኝ» ብዬ ፈርሜ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ተውኩ። ጀማል ሻንጣችንን ተሸክሞ ወጣ፤ በሩንም ለእናቴ ይዞ ቆመላት።

በመመለሻችን ሳነቴ ላይ ጭጋግ ነበር። እናቴ በትሩን ቀጥ አድርጋ ይዛው፣ ሽቦውን በነጠላዋ ጫፍ እያሸች መጣች።

ረቡዕ፣ ጎባ

ሲንቄው ከእናቴ አልጋ ራስጌ ቆሟል፤ መስገጃዋ ከጎኑ ነው። እሁድ ሐዋ ትይዘዋለች።

ዛሬ ጠዋት ግን ሞሚና ደወለች። ከሥራ አባረዋታል። ሥራ አስኪያጁ ለባለቤቶቹ የነገራቸው፣ በትሩን አውርዳ ለእንግዶች የሰጠችው እሷ እንደሆነች ነው። ወረቀቴን ግን «አላየሁም» ብሏል። እናቴ ይህን ስትሰማ ሲንቄውን አንስታ በሩ ላይ አቆመችው፤ ነገ ሐሙስ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ወደ ሎጁ ተመልሰን እንሄዳለን።

ስለዚህ ያን እሁድ ጠዋት እዚያ ምግብ ቤት ለነበራችሁ፦ ከእናቴ እጅ ጩኮ በልታችኋል፤ አንዳንዶቻችሁም ፎቶ አንስታችኋል። ለሎጁ ጻፉ፣ ደውሉ፣ ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ። የሞሚና እጅ ሊጥ ነበረበት። ወንበሩ ላይ የወጣችው ጥቁር ጅልባብ የለበሰችው ናት፤ እኔ ነኝ።