የአሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ ቦታ

ከሞጣ ወደ ቢቸና መጥቼ በአንድ ማሠልጠኛ ወርክሾፕ ሥራ የጀመርሁት በጽዳት ነው። የወርክሾፑ ኃላፊ መምህር አየነው በመጀመሪያው ቀን መጥረጊያ ሰጡኝና «ዘይት የነካው ወለል ሰጋቱራ ተነስንሶበት ነው የሚጠረገው» አሉኝ።

ከዓመት በኋላ መሣሪያ ማደሉም ተጨመረልኝ። የተማርሁት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ የመሣሪያዎቹ ዝርዝር ደግሞ በእንግሊዝኛ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱን የብሎን መፍቻ ቁልፍ፣ ካቻቢቴና ፒንሳ ጣውላ ላይ አስተኝቼ ዙሪያውን በእርሳስ አሰመርሁና ማንጠልጠያ ሚስማር መታሁለት። ባዶ ቅርጽ ካየሁ ያልተመለሰ ዕቃ አለ ማለት ነው።

ለልምምድ የሚመጡት የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ይስቁብኝ ነበር።

«የሺ፣ ዛሬ ደግሞ መዶሻውን ፎቶ አነሣሽው?» ይለኛል ከእነርሱ አንዱ፣ ሀብታሙ።

አንገቴን እደፋለሁ። እናቴ «ዝም አይነቅዝም» ትል ነበር።

አንድ ቀን ከአውሮፕላን ጥገና ክፍል አንድ እንግዳ መጡ። ሁለት ተማሪ መርጠው አውሮፕላን በሚጠገንበት አዳራሽ፣ ሃንጋር ውስጥ፣ ሊያለማምዱ ነው። ተማሪዎቹ የመለማመጃውን ሞተር ፈትተው ሲገጥሙ ሳምንት ከርመዋል። ሀብታሙ የላይኛውን ክዳን አጠበቀና እጁን ማስነሻው ላይ አደረገ።

እኔ የጣውላ ሰሌዳዬን አየሁ። የአሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ ቦታ ባዶ ነው። ጠረጴዛው ላይም የለም። ብናገር ልጆቹን በእንግዳ ፊት ማሳጣቴ ነው። ግን ቁልፉ የት ገባ?

«ጋሼ፣ ሞተሩ አይነሣ። አንድ ቁልፍ አልተመለሰም» አልሁ።

«የሺ፣ ይሄ አሁን ነው የሚነገረው?» አሉ መምህር አየነው።

«ይቁም» አሉ እንግዳው።

ኪስ ተፈተሸ፤ ከጠረጴዛ ሥር ታየ። በመጨረሻ ክዳኑ ሲከፈት ቁልፉ ከሞተሩ ሰንሰለት አጠገብ ተጋድሟል።

«እኔ ነኝ የረሳሁት» አለ ሀብታሙ፣ መሬት መሬት እያየ።

እንግዳው አልተቆጡም። ወደ ሰሌዳው መጡና መስመሩን በጣታቸው ተከተሉት። «ይህን ማን አስተማረሽ?»

«ማንም። ስሙን ማንበብ ቢያቅተኝ መልኩን ሣልሁት።»

«ሃንጋር ውስጥም እንዲሁ ነው። አንድ ካቻቢቴ ከጎደለ፣ እስኪገኝ አውሮፕላኑ አይነሣም።»

አውሮፕላን የማውቀው ሰማይ ላይ ሲያልፍ ነው። የሚነሣው እያንዳንዱ ዕቃ ከተቆጠረ በኋላ መሆኑን አስቤ አላውቅም። የማወቅ ጉጉቴ ከዓይናፋርነቴ በለጠ።

«ሰው ተሳፍሮም ቢሆን?»

«ተሳፍሮም ቢሆን።»

ያን ዕለት ማንንም ሳይመርጡ ሄዱ። ተማሪዎቹ ሳምንት ሙሉ አኮረፉኝ። እንግዳው ከወር በኋላ ተመልሰው ሲመጡ ቀድመው ያዩት የተማሪዎቹን የዕቃ አመላለስ ነው። ከተመረጡት ሁለቱ አንዱ ሀብታሙ ሆነ። አሁን ከሃንጋር ይደውልልኛል።

«የሺ፣ ሰሌዳሽ ሞልቷል?»

«ሞልቷል። ያንተስ?»

ለአዲስ ተማሪ የምነግረው አንድ ነገር ነው፦ ሰሌዳው ላይ ባዶ ቅርጽ ካለ ሞተር አይነሣም።