በሽማግሌ ፊት የተገኘ ዲግሪ

በእኛ ቤት ነገር የሚመዘነው በዱላ ነበር። ገበያ ሲቀዘቅዝ እመታለሁ፤ ሲደራ ደግሞ ቀልጠፍ አላልክም ተብዬ እመታለሁ። አባቴ በልጅነቱ ከደቡብ ምዕራብ መጥቶ፣ ኮልፌ ውስጥ አጣና እየሸጠ ግቢ ያፈራ ሰው ነው። ከአስኮ ወዲያ በጭነት መኪና የሚመጣውን ባህር ዛፍ እኔና እሱ እናወርዳለን፣ እንመለምላለን፣ እንከምራለን። እስከ ቀራንዮ ድረስ ቤት የሚሠራ ሁሉ ከእኛ ይገዛ ነበር። እናታችን ስለሞተች ቤቱን የምትይዘው እህቴ ነበረች፤ ከእኔ አምስት ዓመት ታንሳለች። ጧት ቤት ጠርጋ፣ ቁርስ አቅርባ፣ ደብተሯን ታቅፋ ወደ ትምህርት ቤት ትሮጣለች። እኔም ብሆን መልአክ አልነበርኩም። የሰፈር ልጅ ጥርስ አራግፌ አውቃለሁ፤ ያን ጊዜ አባቴ መጀመሪያ መታኝ፣ ቀጥሎ ሥጋ ገዛልኝ።

ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ሰው በዚያ ዘመን እንደ ዋዛ አይታይም። የጎረቤታችን ልጅ እዚያው ላይ አቁሞ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኖ፣ ከረባቱን አስሮ በበራችን ያልፍ ነበር። አባቴ ባየው ቁጥር ጉሮሮውን ይጠራርግና እኔን ይመለከተኛል።

ግንቦት ላይ የመልቀቂያ ፈተናውን ጨረስኩ። የምርጫ ቅጹ ላይ መሐንዲስነት ብዬ እንደሞላሁ ለአባቴ የነገርኩት አጣና እየመለመለ ሳለ ነው።

«ስንት ዓመት ነው?» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

«አምስት። ከዚያ ደግሞ አንድ ዓመት የገጠር አገልግሎት አለ።»

«ስድስት ነው በላ።»

«በነፃ እኮ ነው አባባ። ምግቡም መኝታውም ከመንግሥት ነው።»

«በነፃ? ስድስት ዓመት ሙሉ አጣናውን ማን ሊያወርድልኝ ነው? መንግሥት?» መጥረቢያውን ግንዱ ላይ ተከለና ወገቡን ያዘ። «ባህር ዛፍ አምስት ዓመት ቆሞ ይቆረጣል። ከጉቶው ደግሞ ያቆጠቁጥና እንደገና ይቆረጣል። አንተ ስድስት ዓመት ቆመህ ምን ልትሆን ነው? ያ የጎረቤት ልጅ ዛሬውኑ ደመወዙን እየበላ አይደል?»

መልስ ነበረኝ። ጸሐፊ ዕድሜ ልኩን ጸሐፊ ነው፣ መሐንዲስ ግን መንገዱንም ድልድዩንም ይዞ ያድጋል ማለት እችል ነበር። እንዲህ ብል ኖሮ ምናልባት ያስብበት ነበር። እኔ ግን ምላሴ ቀደመኝ።

«ከእርስዎ አጣና የሚገዛውን ግንበኛ ማን የሚያዘው ይመስልዎታል? መሐንዲስ ነው። እርስዎ የግንበኛው ታዛዥ፣ ግንበኛው የእኔ!»

«አንተ ልታዘኝ?» አለ።

የመለመለውን ቁራጭ አንስቶ መጀመሪያ ትከሻዬን አለኝ። ሁለተኛው ጆሮዬን አገኘው፤ ደሙ አንገቴ ላይ ሲወርድ ይሞቃል። በሦስተኛው ደሜ ፈላ። ቁራጩን ቀምቼ ጣልኩና በሁለት እጄ ደረቱን ገፈተርኩት። የኋሊት ሄዶ የአጣናው ክምር ሥር ወደቀ፤ ሲወድቅ ክምሩን የያዘውን ታኮ በእግሩ መታው። አጣናው ተንከባለለ። ቀኝ ክንዱ ሲሰበር እንደ ደረቅ ቅርንጫፍ ድምፅ ሰጠ። እውነቱን ልናገር፣ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። ከዚያ እሱ ሲጮህ አጣናውን ከላዩ ላይ ማንሳት ጀመርኩ።

ወጌሻው ክንዱን አሸና በሸምበቆ አሰረው፤ ግን ከዚያ ወዲያ ቀጥ ብሎ አያውቅም። አባቱን የመታ ልጅ ምንም ነገር አይቃናለትም ይባላል። ሰፈሩ ሁሉ ሰላምታ ነሳኝ። እሑድ ዕለት የዕድራችን ሦስት ሽማግሌዎች መጡና እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክሜ እግሩ ላይ እንድወድቅ አዘዙኝ። ከአጥሩ ሥር ደህና ትልቅ ድንጋይ መረጥኩ፤ ትንሽ ድንጋይ ሽማግሌ አይወድም። አንገቴ ላይ ያነሳችልኝ እህቴ ናት።

አባቴ አልቸኮለም። ተንበርክኬ፣ ድንጋዩ ማጅራቴን እየፋቀ፣ ላቤ መሬቱ ላይ እየተንጠባጠበ አቆየኝ።

«ኧረ ይበቃል፤ ልጅህ ነው» አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

«ይቅር ብያለሁ» አለ አባቴ። «ትምህርቱንም ከፈለገ ይማር፤ ያለቀለት ልጅ ነው። ግን እጄን ሰብሯል። እጅ ይተካልኝ።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «ምን ትላለህ?»

ሁሉም የሚጠብቀው አንድ ቃል ነበር፤ «እኔ አለሁ» እንድል። እዚያው እንደተንበረከክሁ ግቢውንና ዲግሪውን ጎን ለጎን አየኋቸው። ሃያ ዓመት አጣና፤ ወይም ስድስት ዓመት ወንበር ላይ፣ ከዚያ ቢሮ፣ መኪና፣ «ኢንጂነር» መባል። አንገቴ ሊበጠስ ደርሷል።

«እህቴ ታግዛለች» አልኩ። «እኔ ስቀጠር ደግሞ አስተምራታለሁ።»

ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ማለቴ ነበር። አባቴ ግን «ይሁን፤ ከነገ ጀምራ ግቢ ትዋል» አለ። ሽማግሌዎቹ ድንጋዩን አወረዱልኝና መረቁ። «አሜን» አለ አባቴ፤ እኔም «አሜን» አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። «እንዲህ ማለቴ አይደለም» ብል ጥያቄው ወደ እኔ ይመለሳል፤ ስለዚህ አንገቴን እያሸሁ ተነሣሁ። እህቴ ጠላ ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር። እሷን ምን ትያለሽ ያላት የለም።

በማግስቱ ደብተሯን ይዛ ወጣች። አባቴ አጥሩ ጋ ደረሰባት፣ በደህና እጁ ጸጉሯን ጨብጦ እየጎተተ መለሳት። ነከሰችው። በእግሩ ሆዷን አላትና ደብተሮቿን ጭቃው ውስጥ ረገጣቸው። እኔ ክምሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። ትናንት ታርቄ ዛሬ ልጣላ? ብዬ ራሴን አሳመንኩ። የፈሪ ሰው ምክንያት አያልቅም።

ዩኒቨርሲቲም ዱላ አልቀረልኝም። ተማሪ በተሰለፈ ቁጥር ፖሊስ ይገባል፤ አንዴ ጎኔን በቆመጥ ብለውኝ ለሳምንታት በአንድ ጎኔ ተኝቻለሁ። ትምህርት ተቋርጦም ስድስቱ ዓመት ሰባት ሆነ። እህቴ በዚያ ሁሉ ጊዜ አጣና ታወርዳለች። እጇ ሻከረ፣ ክንዷ ከእኔ ክንድ ወፈረ። ከጦር ኃይሎች ሰፈር የመጣ አንድ ደላላ ወገቧን ሊይዛት ቢሞክር በመጥረቢያው እጀታ አገጩን ሰበረችው። አባቴ ይህን ሲያወራ በኩራት ነው። ከዚያ ወዲያ እሷንም አልመታትም፤ የሚችላትም አይመስለኝም።

ተመረቅሁ፤ ወዲያው ተቀጠርኩ። ስለ መሐንዲስነት በልቤ ያሰብኩት ሁሉ እውነት ሆነ። ያ ጸሐፊ አሁን ሲያገኘኝ ባርኔጣውን ያነሳልኛል። አባቴ ደግሞ ለገዢው ሁሉ «መሐንዲሱ ልጄ» ይላል፤ እኔም እውነት ለመናገር ደስ ይለኛል።

አንድ ቅዳሜ ኮቴን ለብሼ ግቢው ገባሁ። እህቴ እንጨት ትፈልጣለች፣ አባቴ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፣ ሁለት ገዢዎች ይጠብቃሉ።

«ቃሌን አልረሳሁም» አልኳት። «የማታ ትምህርት አስመዘግብሻለሁ። ከፋዩ እኔ ነኝ።»

መጥረቢያውን አቆመች። «ከስንተኛ ክፍል ነው የምጀምረው፣ ጋሼ?»

«ካቆምሽበት ነዋ፤ ከሰባተኛ።»

መጥረቢያውን ቀስ አድርጋ መሬት አስቀመጠችና መጣች። በጥፊ ስታጮለኝ ዓይኔ ጨለመ። በሁለተኛው ከንፈሬ ተሰነጠቀ፤ ደሙ ኮቴ ላይ ተንጠባጠበ። አባቴ «ወንድምሽን! መሐንዲሱን!» እያለ ከበርጩማው ተነሣ። ዞር ብላ አላየችውም። እጄን አላነሳሁም።

«ስምንተኛ ነበርኩ» አለች። «ሚኒስትሪ ልፈተን ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ ነው ያስወጣኸኝ።»