ጭቃ ወደ ላይ የምትመልሰው ሴት

ላምባ የሚያመላልሰው ሾፌር ከዚያ ቀዝቃዛ ተራራ ሥር ባቆመ ቁጥር አሮጊቷን የሚያገኛት ከቤቷ ጓሮ፣ አካፋ ይዛ ስትራገም ነበር። ብርዱ ላላ ሲል በውርጭ የጠጠረው የተራራው አፈር ላይ ላዩን ይቀልጣል፤ ከሥሩ ግን በረዶ እንደሆነ ስለሚቀር ውሃውን አላሰርግም ይላል። ያን ጊዜ አፈሩ እንደ ሊጥ ላቁጦ፣ ለዓይን ሳይታወቅ፣ ቀስ እያለ ቁልቁል ይሳባል። የጓሮ ግድግዳዋን ገፍቶ አጉብጦታል፤ በስንጥቁም ማድ ቤቷ ይገባል።

"ኤጭ! በሰው ጓዳ ከነጫማው የሚገባ ባለጌ!" ትላለች፣ አፍንጫዋን በሻርፗ ጫፍ ይዛ። ጭቃው የበሰበሰ ሥርና የበግ በጠጥ ይሸታል።

ሾፌሩን ያልገባው ነገር ቢኖር፣ በባልዲ የሞላችውን ሁሉ እያለከለከች ወደ ላይ መውሰዷ ነው። አንድ ቀን አላስችለው አለ።

"እማማ፣ ምን ነካዎት? ወደ ታች ደፍተው አይገላገሉም? ተመልሶ ይመጣብዎታል እኮ!"

"ይምጣ፣ የት አባቱ!" አለች። "ባለቤቴ የተቀበረው እላይ ነው። አፈሩ እየሸሸው ሣጥኑ ሊታይ ምንም አልቀረው። እኔ ጭቃውን ከተጸየፍኩት ማን ያልብስልኝ?"

ሾፌሩ ባልዲውን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ።

"ተው ልጄ፣ ትቆሽሻለህ" አለችና፣ ጭቃው በቀሚሷ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ፊቷን አጨማዳ እየተንገሸገሸች አቀበቱን ተያያዘችው።