ስትወድቅ ማን ያነሣታል?

ዓለምሸትን በደንብ አውቃታለሁ ብል ውሸት ይሆናል። እዚህ ውጭ አገር፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባል ሰፈር አንድ ሕንፃ ላይ መኖር ከጀመርን ስድስት ዓመት ሆኖናል፤ እሷ አሥራ አራተኛ ፎቅ፣ እኔ አሥራ አንደኛ። የምንገናኘው አሳንሰር ውስጥ ነው፣ ያውም አሳንሰሩ ሲሠራ። ቤቷ የገባሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዴ ለልጅ ልደት፣ አንዴ ደግሞ የተሳሳተ ፖስታ ላደርስ። በዚህች ዕውቀት ስለ ሰው መጻፍ ድፍረት መሆኑ አይጠፋኝም። ከእኔ የበለጠ የሚያውቋት ሰዎች ግን አይጽፉም። ስለዚህ ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ አስቀምጣለሁ።

ዓለምሸት የአዛውንቶች መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ሽማግሌዎችን ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ከአልጋ ወደ ወንበር ታዛውራለች። ባሏ ስለሺ የረጅም መንገድ የጭነት መኪና ሹፌር በመሆኑ ከወር ግማሹን ቤት የለም። ሁለት ሴቶች ልጆች አሏቸው፤ ሶልያና አሥራ አምስት ዓመቷ፣ ኤልያና አሥራ አንድ። የኤልያና ግራ እግር ከተወለደች ጀምሮ ደካማ ነው። ከጉልበቷ በታች የፕላስቲክ ድጋፍ ታስራለች፤ ስትሄድ ትንሽ ታነክሳለች። ከዚህ በቀር በሕንፃው ውስጥ እንደ እሷ ተናጋሪ ልጅ የለም።

ባለፈው ጥር መጀመሪያ ላይ ከታች መግቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ከሥራ ስመለስ እዚያ ዐረፍ የማለት ልማድ አለኝ። ዓለምሸትም የልጇን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትጠብቃለች። ያን ቀን የኤልያና ክፍል ስኪ ሊጫወት፣ በበረዶ ላይ ሊንሸራተት፣ ሄዶ ነበር። አውቶቡሱ ቆመ፤ ልጅቷ ቦርሳዋን እየጎተተች ገባች።

«እሺ የኔ እመቤት፣ ስኪው እንዴት ነበር?» አለቻት እናቷ።

«ኮት ስጠብቅ ዋልኩ።»

«የምን ኮት?»

«የልጆቹን ኮት። ሆት ቾክሌት ሰጡኝ ግን። ሁለት።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ኤልያና ገና ሜዳው ላይ እንደ ቆመች ወደቀች። ሁለት አስተማሪዎች ሮጠው መጡ፤ በብብቷ ይዘው አነሷት፤ «ለደኅንነትሽ ነው» ብለው ወደ ቤት ውስጥ አስገቧት። ክፍሉ በሙሉ ቆሞ አየ። ከዚያ በመስኮት በኩል እያየች ዋለች። ይህን ስትናገር አላለቀሰችም። አሳንሰሩ ጋ ስትደርስ ግን ዞር ብላ፣ «ማሚ፣ ኖ ሞር። ከእንግዲህ በስኖው የትም አልሄድም፣ ኦኬ?» አለች።

ዓለምሸት ቦርሳዋን ተቀብላ የአሳንሰሩን ቁልፍ ተጫነች። በማግስቱ እዚያው ወንበር ላይ ሳገኛት ጭኗ ላይ ወረቀት ዘርግታ ሦስት የስኪ ሪዞርቶች ስም ጽፋ ነበር።

«ጋሽ ተክሉ፣ የካቲት ላይ ለፋሚሊ ዴይ በዓል ልወስዳቸው ነው። ሁለቱንም።»

«አልሄድም ብላ የለም እንዴ?»

«አንድ ጊዜ እሺ ታስብለኛለች እህቷ። አንድ ጊዜ ብቻ። ያችን ካበላሸኋት ይህች ልጅ ዕድሜ ልኳን ክረምትን በመስኮት ነው የምታየው።»

ሰው ሪዞርት ሲመርጥ የሚጠይቀውን እኔም ከሥራ ጓደኞቼ ሰምቻለሁ። ስንት ሰዓት ያስነዳል፣ ስንት መውረጃ አለው፣ ማደሪያው ሙቅ ውኃ ያለው መዋኛ አለው ወይ ይላሉ። ብሉር መንገድ ያሉት ወዳጆቿ ደግሞ፣ «ምን አስጨነቀሽ፣ ሞል ውሰጃት!» አሏት። ዓለምሸት ግን አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበረቻት። እዚያው አጠገቤ ተቀምጣ ደወለች፤ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋው ስለነበር ሳልፈልግም ሰማሁ።

«ልጄ እግሯን ያማታል። ስትወድቅ ማን ያነሣታል?»

የመጀመሪያው ሪዞርት ትልቁ ነው። የመለሰችላት ልጅ ስለ ፊርማ ወረቀት አነበበችላት፤ ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ አለመሆናቸውን ሁለት ጊዜ ደገመችላት። ዓለምሸት አመስግና ሰረዘችው።

በሁለተኛው ስልኩን ያነሣው እጅግ ትሑት ሰው ነበር። «አይጨነቁ እመቤት፣ ሁለት ሠራተኞች ከጎኗ አይለዩም። መቼም እንድትወድቅ አንፈቅድም» አላት። ዓለምሸት እሱንም ሰረዘችው።

«ይሄማ ጥሩ ነው እኮ!» አልኳት። በሰው ጉዳይ ጣልቃ ስገባ ብርቅ ነው።

«ይሄማ ያው ትምህርት ቤቱ ነው፣ ጋሼ።»

ሦስተኛው ስሙን ማንም የማያውቀው ትንሽ ቦታ ነው፤ ከባሪ ከተማ አልፎ፣ በገጠር መንገድ። ስልኩን ያነሣው አንድ ሽማግሌ ነው። ጥያቄዋን እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ፣ «በመጀመሪያ ራሷ መነሣት ትፈልግ እንደሆነ ቆመን እናያለን። እኔ ብዙ መቆም እችላለሁ። አንቺስ ቆመሽ ማየት ትችያለሽ?» አላት።

ዓለምሸት መልሳ እደውላለሁ ብላ ዘጋችው። ስልኩን እንደ ያዘች ብዙ ተቀመጠች። ጥያቄው ለምን እንደ ከበዳት የእኛ ሰው አይጠፋውም። እኛ ዘንድ ልጅ ሲወድቅ ቆሞ የሚያይ ማን አለ? የማያውቀው ሰው እንኳ መንገድ ላይ «እኔን!» ብሎ ይጮኻል፤ ሮጦ ያነሣል፤ አቧራውን ያራግፋል። ኤልያና ከአንድ ዓመቷ ጀምሮ በወደቀች ቁጥር ስንት «እኔን» እንደ ሰማች አንድዬ ነው የሚያውቀው።

ከዚያ ሳምንት በኋላ ዓለምሸትን ማክሰኞ ማክሰኞ አጣኋት። ማክሰኞ የዕረፍት ቀኗ ነው። ልጅቷን እትዬ አበራሽ፣ ከሁለት ዓመት በፊት በስፖንሰር የመጡት የስለሺ አክስት፣ መቀበል ጀመሩ። አንድ ረቡዕ ዓለምሸትን አሳንሰር ውስጥ ሳገኛት ታነክሳለች፤ የእጇ አንጓም ጠቁሯል።

«እኔን! ምን ሆነሽ?»

«በረዶ አዳልጦኝ ነው፣ ጋሼ» አለችና ሳቀች። ሕንፃው ፊት ለፊት በረዶ የሚያሟሟውን ጨው ስለማይበትኑልን ተበሳጨሁ፤ ለአስተዳዳሪው እናገራለሁ ብዬም ሳልናገር ቀረሁ።

ፋሚሊ ዴይ ደረሰ። ስለሺ ግን ዊኒፔግ አጠገብ በበረዶ አውሎ ነፋስ መንገድ ተዘግቶበት ቀረ። ዓለምሸት በሬን አንኳኳች። ሰባት ሰው የምትይዝ አሮጌ መኪና አለችኝ። እምቢ ማለት ስለማልችልበት ሄድን።

መኪና ውስጥ ኤልያና ሕግ አወጣች።

«ስሙኝ። ስወድቅ ማንም እኔን አይልም። ኖቦዲ።»

«ታዲያ ምን ልበል?» አሉ እትዬ አበራሽ፤ ጭናቸው ላይ አንድ ፌስታል ዳቦ ቆሎ ይዘዋል። «ልጅ ሲወድቅ እሰይ ልበል?»

«እትዬ፣ ናቲንግ። ምንም አትበይ» አለች ሶልያና።

«አይበሉ በይ!» አለች እናቷ ከፊት ወንበር።

«ምንም አይበሉ።»

«እሺ፣ አፌን በሻርፕ እወትፈዋለሁ» አሉ እትዬ አበራሽ። ስንደርስ ግን ኮረብታውን ከታች እስከ ላይ አዩና፣ «ይሄ ነው ተራራው? ለዚህ ነው ሁለት ሰዓት የተነዳው? የእኛ አገር ገበሬ ይሄን ቢያይ ሜዳ አገኘሁ ብሎ ጤፍ ይዘራበታል!» አሉ። ሳቅን። ኤልያና ብቻ አልሳቀችም፤ የጓንቷን ጫፍ ታኝካለች።

ያ በስልክ ያነጋገራት ሽማግሌ አሰልጣኝ ከጎጆው ወጣ። ልጆቹ ከመኪናው ኋላ ጫማ ሲያወርዱ ነበር። ዓለምሸትን ሲያይ ፊቱ በራ።

«አሌም! ጉልበትሽ እንዴት ሆነ?»

ዓለምሸት ቶሎ ብላ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ሽማግሌው ወደ ልጆቹ አየና ጫማውን ሊያግዛቸው ሄደ። እኔም ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ። የዚያን ረቡዕ ማነከሷ ትዝ አለኝ።

ኤልያናን ከጫፋቸው ትንንሽ ስኪ የተሰካባቸው ሁለት ክራንቾች አስያዟት። ሶልያናም እንደ እሷው ጀማሪ ናትና አብረው ሰው በሚያወጣ ተንቀሳቃሽ የጎማ ምንጣፍ ትንሽ ወደ ላይ ወጡ። ሽማግሌው ከጎናቸው ሆነ፤ እኛ ከታች ቆምን።

ኤልያና አሥር እርምጃ ያህል ተንሸራተተች። ከዚያ ግራ እግሯ ከዳት፤ በጎኗ ተዘረጋች።

እትዬ አበራሽ ሻርፓቸውን ነከሱ። ሕጉን የጣስኩት እኔ ነኝ። በስብሰባ እንኳ እጄን አውጥቼ የማላውቀው ሰውዬ፣ ኮረብታው እስኪያስተጋባ፣ «እኔን!» አልኩ። ሰው ሁሉ ዞረ። እግሬ ሊሮጥ ሲል ዓለምሸት እጅጌዬን ጨምድዳ ያዘች።

«ጋሽ ተክሉ። ይቁሙ።»

ሽማግሌው ሁለት ሜትር ርቆ ቆሟል። እጁን አልዘረጋም። ኤልያና አንዴ ሞከረች፤ ተመልሳ ወደቀች። ሌሎች ልጆች በአጠገቧ አለፉ። ጊዜው ረዘመ፤ ስንት ደቂቃ እንደ ሆነ አላውቅም። ዓለምሸት እጆቿን ኪሷ ውስጥ ከታ ታያለች፤ ከጨርቁ ሥር ጭብጧ ሲጠብቅና ሲላላ ይታየኛል። በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «መጀመሪያ ስኪውን ወደ ጎን… ወደ ጎን… አዎ። አሁን እጅሽን ከወገብሽ አጠገብ» ትላለች። ልጅቷ ልትሰማት አትችልም። ግን ልክ እንዳለችው ስኪዋን ወደ ጎን አዞረች፣ ክራንቹን ከወገቧ አጠገብ ተከለች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ቆመች።

ከዚያ ወደ እኔ ጮኸች፦ «ጋሽ ተክሉ! አይ ሄርድ ዩ! ሰምቻለሁ!»

እየሳቀች ነበር። ዓለምሸት እጅጌዬን ለቀቀች።

ምሳ ሰዓት ላይ ሽማግሌው ሻይ ይዞ አጠገቤ ቆመ። እንግሊዝኛዬ ደካማ ቢሆንም ያለኝን ተረድቻለሁ። ዓለምሸት አራት ማክሰኞ በአውቶቡስ መጥታለች አለኝ። መንሸራተት አስተምረኝ አላለችም፤ መውደቅና መነሣት ብቻ አስተምረኝ ነው ያለችው። ግራ እግሯ እንደ ልጇ እንዳይታዘዛት ጉልበቷን በሻርፕ ጠፍራ አስራዋለች። ይሄ ደግ አይደለም፣ ፍቺው ብሏት ነበር፤ አልሰማችውም። «በአራተኛው ቀን እንዴት እንደሚነሡ እኔን አስተማረችኝ» አለና ሻዩን ጠጣ።

ስለዚህ ሴት ሳስብ የምቀናው በዚህ ነው። ሥራዋ ቀኑን ሙሉ ሰው ማንሣት ነው፤ እጇ የተማረው ይህንኑ ነው። ያን እጅ ኪስ ውስጥ አስቀምጦ መቆምን አራት ማክሰኞ ሙሉ ተለማመደችው፤ ለማንም ሳትናገር። እኔ ብሆን ለግማሹ ሕንፃ አወራው ነበር።

አመሻሹ ላይ መኪናው ጋ ጫማ እያወለቅን ሳለ ኤልያና አፏ አላረፈም።

«እትዬ፣ ዘጠኝ ጊዜ ወደቅሁ! ሶልያና አሥራ አንድ!»

«አሥር!» አለች እህቷ።

«አሥራ አንድ፣ ምንጣፉ ላይም ወድቀሻል። ማሚ ብትሆን መቶ ጊዜ ነበር የምትወድቀው።»

«እኔ?» አለች ዓለምሸት፤ «እኔማ ገና ጫማውን ሳስር ነው የምወድቀው።»

ልጆቹ እየተሳሳቁ ገቡ። እትዬ አበራሽ ዳቦ ቆሎውን ማደል ጀመሩ። «የሚቀጥለው ሳተርደይ ደግሞ?» የሚል የኤልያና ድምፅ ከውስጥ ተሰማ። ዓለምሸት እርጥቦቹን ጓንቶች ሰብስባ ከኋላ ትከታለች፤ አብሬያት ቆሜያለሁ። ሰው የግሉን ነገር መጠየቅ አልወድም። ያን ቀን ግን አንዴ ጮኼ ስለነበር ነው መሰለኝ ደፈርኩ።

«ዓለምሸት፣» አልኳት ቀስ ብዬ፣ «በእነዚያ አራት ማክሰኞዎች አንቺስ ስንት ጊዜ ወደቅሽ?»

ሻርፗን አጥብቃ አሰረች። በመስኮቱ ወደ ልጆቿ አየች።

«ይቺን እንኳ አልነግርዎትም፣ ጋሼ» አለችና የኋላውን በር ዘጋችው።